ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ የሚቆራረጥ የካሜራ ኔትወርክ፦ ኮዬ ፈጬ፣ 9 ብሎክ በአንድ ሴክተር

የጥበቃቤት_ማማ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩ ኮዬ ፈጬ ያለ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር የጥበቃ ካሜራ ነው። ብሎኮቹ 9 ናቸው፤ በየብሎኩ 2 ካሜራ፣ አንድ ባለ 5 ፖርት ስዊች፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ አንድ የ5 ጊጋኸርዝ ፓናል ራዲዮ አለ። ዘጠኙም የሚያዩት ግቢው ጫፍ፣ ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ባለው ብሎክ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን አንድ ባለ 90 ዲግሪ ሴክተር (የሁሉንም መቀበያ አንቴና) ነው። ራዲዮዎቹ ሁሉም ማይክሮቲክ፣ 802.11ኤን የሚባለው የዋይፋይ ደረጃ፣ ባለ ሁለት ቼይን፣ የቻናል ስፋታቸው 20 ሜጋኸርዝ። የቅርቡ ብሎክ 120 ሜትር፣ የሩቁ 850 ሜትር ይርቃል።

ቀን ቀን ደህና ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ምስል ይደርቃል፣ ፒንግ ከ3 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 400 ይገባል፣ ሪከርደሩም ካሜራ እየመረጠ ይጥላል። ሲግናሉ ግን ንቅንቅ አይልም፦ ስምንቱ ብሎኮች ከ−54 እስከ −61 ዲቢኤም (ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይጠነክራል)፣ አንዱ ብቻ −76። ማታ ሲሲኪው (የሊንኩ ጥራት በመቶኛ) 40 አካባቢ ነው። ካሜራዎቹ ኤች.264 (የቪዲዮ መጭመቂያ)፣ 1080ፒ፣ ቪቢአር (እንደ ምስሉ ከፍ ዝቅ የሚል ቢትሬት) ሆነው ከፍተኛው 4 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ተቀምጠዋል። ፓወር ተጨምሯል፣ ቻናልም ተቀያይሯል፤ ያመጣው ነገር የለም። የጫነው ሰው «ሁለተኛ ሴክተር ግዙ» ይላል። ከመግዛት በፊት የሚታይ ነገር ካለ ንገሩኝ።

ቆርቆሮ_ጣሪያ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡41

20 ሜጋኸርዝ ለ18 ካሜራ ምን ይበቃል? ስፋቱን 40 አድርገው፣ ፓወሩን ደግሞ እስከ መጨረሻው ክፈተው። ይኸው ነው።

ጋሽ_ኸርዝ · ሰኞ ከምሽቱ 4፡15

ቆርቆሮ፣ ወንድሜ፣ ረጋ በል። −55 ላይ ያለ ራዲዮ ለ802.11ኤን ከፍተኛው ሬት (የመላኪያ ፍጥነት) የሚበቃ ሲግናል አለው። ፓወር ብትጨምርለት የምታገኘው ትርፍ የለም፤ የ120 ሜትሩ ብሎክማ ከ−40 በላይ ወጥቶ የሴክተሩን ሪሲቨር ማጨናነቅ ይጀምራል። ከ−45 እስከ −60 ከሆነ ተወው፤ ከዚያ የሚጠነክረውን እንዲያውም ቀንሰው።

ችግሩ የድምፅ ማነስ ሳይሆን የተራ ማጣት ነው። የእያንዳንዱ ፓናል ፊት ወደ ጥበቃ ቤቱ ነው፤ ለጎረቤቱ የሚሰጠው ጀርባውን ወይም ጎኑን ነው፤ መሀል ላይ ደግሞ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ አለ። ስለዚህ ሴክተሩ ዘጠኙንም ይሰማል፤ ዘጠኙ ግን እርስ በርሳቸው አይሰማሙም። መደበኛው ዋይፋይ ደግሞ ሕጉ «አዳምጥ፣ ዝም ካለ ላክ» ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ራዲዮው 34 ማይክሮሰከንድ ፀጥታ ይጠብቃል፣ ከ0 እስከ 15 ድረስ በዕጣ አንድ ቁጥር ያወጣል፣ እያንዳንዷ ቁጥር 9 ማይክሮሰከንድ ስለሆነች ቢበዛ 135 ማይክሮሰከንድ ቆይቶ ይልካል። አሁን አንዱ ብሎክ 30 ኪሎባይት ያህል የተጠቀለለ ፍሬም (የዳታ ጥቅል) በ130 ሜጋቢት ሲልክ አየሩን ወደ 1.9 ሚሊሰከንድ ይይዛል። ሌላኛው ብሎክ ይህን አይሰማም፤ ዕጣውን አውጥቶ 135 ማይክሮሰከንድ እንኳ ሳይሞላ መሀሉ ላይ ይወጣበታል። ሁለቱም ፍሬሞች ሴክተሩ ላይ ተጋጭተው ይበላሻሉ።

ከግጭት በኋላ የዕጣው ክልል 31፣ 63፣ 127፣ 255 እያለ ያድጋል። 255 ሲደርስ ነው 2.3 ሚሊሰከንድ የሚሆነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ፍሬም ለማሳለፍ የሚበቃ ክፍተት የሚገኘው ከአራት ግጭት በኋላ ነው። ማታ ያየኸው 400 ሚሊሰከንድ ፒንግ ከዚህ ድግግሞሽና ከኋላው ከሚጠራቀመው ወረፋ የመጣ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። እርስ በርስ የማይተያዩ ሁለት ብሎኮች ምረጥ። ከእያንዳንዳቸው ስዊች ላይ ላፕቶፕ ሰክተህ፣ ጥበቃ ቤት ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር በአይፐርፍ (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) የዩዲፒ አፕሎድ ለ60 ሰከንድ ላክ፤ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ በአንድ ጊዜ። ለየብቻ 70፣ በአንድ ላይ ድምሩ 65 ከሆነ በሥርዓት ተካፍለዋል ማለት ነው። ድምሩ ግማሽና ከዚያ በታች ከወረደ ተደባብቀዋል፣ ማለትም አንዱ ሌላውን አይሰማም። ፈተናውን ራዲዮው ላይ ባለው የባንድዊድዝ ቴስት አትሥራው፤ የራዲዮው ሲፒዩ ቀድሞ ይሞላና የአየሩን ሳይሆን የሲፒዩውን አቅም ለክተህ ትመለሳለህ።

ኦም_እና_ቮልት · ሰኞ ከምሽቱ 4፡52

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ግን ግጭቱን ሙሉ በሙሉ ብታጠፋውም ይህ ኔትወርክ ማታ አይሠራም። ሒሳቡ እንዲህ ነው።

የአየር ሰዓት የሚለካው በሜጋቢት ሳይሆን በመቶኛ ነው። ደህና ሲግናል ያለው ብሎክ በ130 ሜጋቢት ይገናኛል፤ ከዚያ ላይ የመጠባበቂያና የማረጋገጫ ጊዜ ሲቀነስ 60 በመቶውን ያህል ቁጠር፣ 78። ሁለት ካሜራ ማታ 8 ሜጋቢት ይጠይቃል፤ 8 ለ78 ሲካፈል 10 በመቶ ይሆናል። ስምንቱ ብሎክ 82 በመቶ አየር በሉ። −76 ላይ ያለው ብሎክ ደግሞ በግምት በ26 ሜጋቢት ነው የሚገናኘው፤ 60 በመቶው 15.6። ያው 8 ሜጋቢት እዚህ 51 በመቶ አየር ይወስዳል። ድምር 133 በመቶ። ከመቶ በላይ የሚሆን አየር ከየትም አይመጣም።

ቀን የሚሠራበትም ምክንያት እዚሁ አለ። ቪቢአር ካሜራ በፀሐይ ብርሃን ከከፍተኛው በታች ነው የሚልከው፤ 2.5 ሜጋቢት ብንወስድለት ድምሩ 83 በመቶ ነው፤ ጥብብ ይላል፣ ግን ያልፋል። ሲመሽ ካሜራው ወደ ኢንፍራሬድ ይዞርና ጌይኑን ይጨምራል፤ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ለኤንኮደሩ እንቅስቃሴ ይመስለዋል፣ ቢትሬቱን ጫፍ ድረስ ይሰቅለዋል። «ማታ ሰፈሩ ኢንተርኔት ስለሚያበዛ ነው» የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የሰፈሩ ስልክ በአብዛኛው 2.4 ላይ ነው፣ ያንተ ሊንክ 5 ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ አለኝ። የ−76ቱ ብሎክ ሬት ስንት ይላል? ፊቱ ላይ ምን አለ? የካሜራዎቹ የአይ ፍሬም (ሙሉ ምስል) ልዩነት ስንት ነው?

የጥበቃቤት_ማማ · ማክሰኞ ከቀኑ 7፡05

ጋሽ ኸርዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፈተናው ውጤት፦ ለየብቻ 68 እና 71፣ በአንድ ላይ ድምር 31።

ኦም፣ የደካማው ብሎክ ሬት 26 ነው፣ እንዳልከው። ፓናሉ የታሰረው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲሆን ከፊቱ 3 ሜትር ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ አለ፤ የአንቴናው መሀል ከሮቶው አንገት ዝቅ ይላል። አይ ፍሬም 50 ይላል፣ ፍሬም በሰከንድ 25።

ኦም_እና_ቮልት · ማክሰኞ ከቀኑ 8፡30

ያው ሮቶው ነው። ፕላስቲኩ ብዙም አይጎዳም፤ ውስጡ ያለው ውኃ ግን 5 ጊጋኸርዝን ይውጠዋል። ውኃ በመጣ ቀንና በጠፋ ቀን ሲግናሉ የሚለያይ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። ከአንቴናው 3 ሜትር ርቀት ላይ የመጀመሪያው ፍሬኔል ክልል ራዲየስ 40 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የአንቴናው መሀል ከሮቶው ክዳን ቢያንስ በግማሽ ሜትር ከፍ እንዲል አድርግ። ባለ 1 ተኩል ኢንች የውኃ ቧንቧ፣ 2 ሜትር፣ በሁለት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ይያዝ። ኬብሉ ወደ ራዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ ቀለበት ይኑረው፤ አለበለዚያ የክረምት ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ ይገባል።

አይ ፍሬሙ 50 በ25 ማለት እያንዳንዱ ካሜራ በየ2 ሰከንዱ አንድ ትልቅ ሙሉ ምስል ይልካል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ 18ቱም አብረው ስለሚነሱ ትልልቆቹ ምስሎች ተቀራርበው ይወድቃሉ። ግማሾቹን 50፣ ግማሾቹን 60 ብታደርጋቸው ይበታተናሉ።

ከዚያ ኤች.265 እና ከፍተኛውን 2 ሜጋቢት አድርግ። የብሎክ ፍላጎት 4 ሜጋቢት ይሆናል፤ ሮቶው ሳይነካ እንኳ ድምሩ 67 በመቶ፣ ሮቶው ሲስተካከል 46። ሪከርደሩ ኤች.265 መቀበሉን አስቀድመህ እይ። ጥበቃው ስክሪን ላይ 18 ካሜራ አብሮ ሲያይ ሪከርደሩ ሰብ ስትሪሙን (ካሜራው አብሮ የሚልከውን አነስተኛ ምስል) ብቻ እንዲያሳይ፣ ዋናውን ስትሪም ለቀረጻ ብቻ እንዲወስድ አስተካክል። አንዳንድ ሪከርደር ሁለቱንም ከካሜራው ይጎትታል፤ ከሆነ የሰብ ስትሪሙን 256 ኪሎቢትም ቁጠርበት።

ቆርቆሮ_ጣሪያ · ማክሰኞ ከቀኑ 9፡02

እሺ ፓወሩን ተውነው። 40 ሜጋኸርዝስ? ሬቱ እጥፍ ይሆናል እኮ።

ጋሽ_ኸርዝ · ማክሰኞ ከቀኑ 10፡10

ሬቱ እጥፍ ይሆናል፤ የምታዳምጠው ጫጫታም እንዲሁ። ኃይልህ በሁለት እጥፍ ስፋት ላይ ስለሚሰራጭ በእያንዳንዷ ሜጋኸርዝ ላይ 3 ዲቢ ታጣለህ፤ −76ቱ ብሎክ ያቺ ትርፍ የለችውም። ግጭት ባለበት ቦታ ስፋት መጨመር ግጭቱን አያጠፋውም፤ የተበላሸው ፍሬም በፍጥነት ይበላሻል እንጂ። መጀመሪያ ተራውን አስይዝ፣ ከዚያ ካነሰህ ስለ ስፋት እናወራለን።

ተራ_በተራ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡25

31 የሚለው ቁጥር የተደበቀ ጣቢያ ነው፤ ክርክር የለውም። በነጻ የሚሞከረው መጀመሪያ አርቲኤስ/ሲቲኤስ ነው።

አሠራሩ፦ ብሎኩ ዳታውን ከመላኩ በፊት 20 ባይት የምታህል «ልላክ?» ይልካል፤ ሴክተሩ 14 ባይት «ላክ» ብሎ ይመልሳል። ሴክተሩን ሁሉም ስለሚሰሙት፣ መልሱ ላይ የተጻፈውን የማይክሮሰከንድ ቁጥር ያህል ሌሎቹ አፋቸውን ይዘጋሉ። የሚጋጭ ነገር ቢኖር ያቺ 52 ማይክሮሰከንድ የምትፈጀው ጥያቄ ናት እንጂ 2 ሚሊሰከንድ የፈጀው ዳታ አይደለም።

ወጪው በ6 ሜጋቢት ሲላኩ 52 ለጥያቄው፣ 44 ለመልሱ፣ 32 ለሁለቱ ክፍተቶች፤ 128 ማይክሮሰከንድ። ድሮ በ802.11ጂ ዘመን አንድ 1,500 ባይት ፓኬት በ54 ሜጋቢት 250 ማይክሮሰከንድ ስለነበር ግማሹን ዋጋ ትከፍል ነበር፤ «አርቲኤስ ፍጥነት ይገድላል» የሚለው ወሬ ከዚያ የቀረ ነው። ዛሬ ፍሬሙ ተጠቅልሎ 1.9 ሚሊሰከንድ ሲሄድ 128 ማለት 7 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ማይክሮቲክ ላይ ዋየርለስ፣ አድቫንስድ፣ ኤችደብልዩ ፕሮቴክሽን ሞድ የሚለውን አርቲኤስ ሲቲኤስ፣ ትሬሾልዱን 0። የሚቀየረው ዘጠኙ ብሎክ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ሴክተሩ ላይ ብቻ ይቀይርና «ለውጥ የለውም» ይላል። የሚጋጨው ወደ ሴክተሩ የሚመጣው ነው፤ ካሜራ ደግሞ የሚልከው ወደዚያው ነው። ሌላ ብራንድ ላይ አርቲኤስ ትሬሾልድ 2347 ተብሎ ካገኘኸው ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህ ማስታገሻ ነው። መድኃኒቱ ቲዲኤምኤ (የአየሩን ጊዜ በተራ ማከፋፈል) ነው፤ የማይክሮቲኩ ኤንቪ2፣ የዩቢኩዊቲው ኤርማክስ። አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም፤ ተራ ስልክና ላፕቶፕም ከሁለቱም ጋር አይገናኝም፤ ላንተ ይህ ችግር አይደለም። እዚህ ሴክተሩ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ይሆናል፦ ማን መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚልክ እሱ ይመድባል፣ ያልተጠራ አይንቀሳቀስም። ብሎኮቹ መሰማማት አለመሰማማታቸው ለውጥ አያመጣም።

ቅደም ተከተሉን አትቀይረው፦

ሀ. የሁሉንም ራዲዮ ባክአፕ አውጣ። የራውተር ኦኤስ ቨርዥናቸውን አንድ አድርግ።

ለ. ዘጠኙ ብሎክ ላይ፣ ከሩቁ ጀምረህ፣ ኤንቪ2 ሴኪዩሪቲን አብራና አንድ ዓይነት ፕሪሼርድ ኪይ ጻፍ። ቀጥሎ ዋየርለስ ፕሮቶኮል የሚለውን «ኤንቪ2 ኤንስትሪም 802.11» አድርግ። ጥቂት ሰከንድ ይቋረጥና በድሮው 802.11 ተመልሶ ይገናኛል፤ ሴክተሩ እስኪቀየር ይጠብቃል።

ሐ. ዘጠኙም መመለሳቸውን ካየህ በኋላ ሴክተሩ ላይ ያንኑ ቁልፍ ጽፈህ ፕሮቶኮሉን ኤንቪ2 አድርግ። ቢበላሽብህ ሴክተሩን ብቻ ወደ 802.11 መመለስ ይበቃል፤ ጣሪያ ለጣሪያ መዞር የለም።

መ. ሴል ራዲየስ ሲመጣ 30 ኪሎሜትር ነው። ወደ 10 አውርደው፤ ከዚያ በታች አይቀበልም። ትልቅ ቁጥር አዲስ ብሎክ ለመመዝገቢያ የሚቀመጠውን ክፍተት ያሰፋዋል፣ አየር ይባክናል። በተቃራኒው ርቀትህ ከቁጥሩ ከበለጠ ራዲዮው «ሬንጂንግ ታይምአውት» እያለ ይወጣል ይገባል።

ሠ. ቲዲኤምኤ ፔሪየድ 2 ሚሊሰከንድ ላይ ተወው። ብታሳድገው ጥቂት ሜጋቢት ይጨምራል፣ መዘግየቱም አብሮ ያድጋል።

አንድ ነገር በደንብ ያዝ፦ ኤንቪ2 የዋይፋዩን ሴኪዩሪቲ ፕሮፋይል አይመለከተውም። «ለ» ላይ ያለውን ቁልፍ ከዘለልከው ሊንኩ ይሠራል፣ ግን ክፍት ሆኖ ይሠራል፤ የሰፈሩን የጥበቃ ምስል ለማንም ሰጠህ ማለት ነው። አርቲኤስና የርቀት ቅንብሮችም ኤንቪ2 ላይ ትርጉም የላቸውም፣ አትድከም።

ጋሽ_ኸርዝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ተራ በተራ፣ ጥሩ አድርገህ አስቀመጥከው። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ኤንቪ2 ለጎረቤት አያዝንም፤ በዚያው ቻናል ላይ ያለን ሌላ ሊንክ ይረብሻል፣ ራሱም ይረበሻል። ስለዚህ ከመቀየሩ በፊት ሴክተሩ ላይ ስፔክትራል ስካን አድርጎ ባዶውን ቻናል መምረጥ ግድ ነው፤ ስካኑ ሲሠራ ሊንኩ እንደሚቋረጥ አትርሳ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች የራዳር ጎረቤቶች ናቸው፦ ራዲዮው ሲነሳ መጀመሪያ 60 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስበትም። ለጥበቃ ካሜራ ይህ አይመችም።

ሁለተኛ፣ ወደፊት ሁለተኛ ሴክተር ቢገዛም እዚያው ቋሚ ላይ፣ እዚያው ቻናል ላይ ከሆነ አንዱ ሲልክ ሌላኛው እየሰማ ይደነቁራል። ወይ ቻናላቸውን አራርቅ፣ ወይ አንዱን ሲንክ ማስተር ሌላውን ሲንክ ስሌቭ አድርገህ አብረው እንዲልኩና አብረው እንዲሰሙ አድርግ።

ለገጣፎ_6ኪሎ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡15

ከለገጣፎ ወደ ከተማ 6 ኪሎሜትር ሊንክ ለሚሠራ ሰውስ? እዚያ ያሉት 4 ጣቢያዎች ናቸው፤ ሜዳ ስለሆነ እርስ በርስ ይሰማማሉ።

ጋሽ_ኸርዝ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡33

ቢሰማሙም ዘግይተው ነው የሚሰማሙት። ሬዲዮ ሞገድ በአንድ ኪሎሜትር 3.3 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ 6 ኪሎሜትር 20 ማይክሮሰከንድ ነው። የዕጣው ቁጥር 9 ማይክሮሰከንድ ስለሆነ ሌላው መላክ ከጀመረ በኋላ ሁለት ቁጥር ሙሉ «ባዶ ነው» ብለህ ታምናለህ። ከዚያም በላይ የማረጋገጫው መልስ ደርሶ መልስ 40 ማይክሮሰከንድ ይጨምራል፤ የርቀት ቅንብሩ «ኢንዶር» ላይ ከተረሳ ራዲዮው መልሱን ሳይጠብቅ ደግሞ ይልካል። 802.11 ላይ ከቆየህ ርቀቱን 7 ወይም 8 ብለህ ጻፍ። ከ2 ኪሎሜትር በላይ ብዙ ጣቢያ ካለ ግን ቲዲኤምኤ ይሻላል።

ጸደይ_ቱሉዲምቱ · ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡10

እናንተ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ናችሁ፤ እኛ ቤት ውስጥ 2.4 ላይ ተጨናንቀናል። ከአንድ ሳሎን 30 ራውተር ይታያል። 1፣ 6 እና 11 ሞልተዋል፤ 3 እና 9 ባዶ ናቸው። ወደ 3 ልሂድ?

ተራ_በተራ · ረቡዕ ከጠዋቱ 5፡02

አትሂጂ፣ እህቴ። ቻናሎቹ 5 ሜጋኸርዝ ነው የሚራራቁት፤ አንድ ራውተር የሚይዘው 20 ነው። 3 ላይ ብትቀመጪ ከ1 ጋር በግማሽ፣ ከ6 ጋር በሩብ ትደራረቢያለሽ። ከዚያም የባሰው፦ አንድ ቻናል ላይ ያለ ራውተር የጎረቤቱን ፍሬም መግቢያ ለይቶ ማወቅ ስለሚችል እስከ −82 ዲቢኤም ድረስ ሰምቶ ይታገሣል። ቻናሉ ጎን ለጎን ሲደራረብ ግን የሚሰማው ትርጉም የሌለው ጉልበት ብቻ ነው፤ ለሱ የሚቆመው −62 ሲደርስ ነው። በ−62 እና −82 መሀል ያለው ጎረቤት ሁሉ በላይሽ ላይ ያወራል፣ አንቺም በላዩ ላይ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ጎረቤት እዚያው መሀል ላይ ነው።

1፣ 6፣ 11 ላይ ያሉትን በቁጥር ሳይሆን በሲግናል መዝኚ፦ ከ−80 በታች ያሉት 12 ራውተሮች ካሉበት ቻናል ይልቅ −45 የሆነ አንድ የቀን ተሌት ዳውንሎደር ያለበት ይከፋል።

ቀጥሎ ሞዱን «ጂ/ኤን ብቻ» አድርጊው። ራውተር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ «አለሁ» ይላል። 300 ባይት ያህሏ ማስታወቂያ በ1 ሜጋቢት ስትላክ 2.6 ሚሊሰከንድ ትፈጃለች፤ የአየሩን 2.5 በመቶ ማለት ነው። አንድ ቻናል ላይ 20 የዋይፋይ ስም ካለ ማንም ምንም ሳያወርድ ግማሹ አየር አለቀ። በ6 ሜጋቢት ብትላክ 0.4 በመቶ ነበረች። «የእንግዳ ዋይፋይ» የማትጠቀሚበት ከሆነ አጥፊው፤ እሱም ራሱን የቻለ ማስታወቂያ ይልካል። ስፋቱ 20 ይሁን። ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን ወደ 5 አዙሪያቸው፤ የኮንክሪቱ ግድግዳ እዚያ ወዳጅ ነው፣ የጎረቤትን ይከለክልልሻል።

ኦም_እና_ቮልት · ረቡዕ ከጠዋቱ 5፡40

በዚህ ላይ «አውቶ ቻናል»ን ዝጊው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የብሎኩ ራውተሮች ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነሳሉ፤ ሁሉም ሲያዳምጡ አየሩ ገና ባዶ ነው፤ አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ያላቸው አንድ ዓይነት ቻናል ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ደግመው አያዩም። በእጅ የተቀመጠ ቻናል ይሻላል።

የሮቶ_ጎረቤት · ረቡዕ ከቀኑ 8፡20

ሮቶ ከተነሳ አይቀር፣ ለ60 ሮቶ የውኃ መጠን የሚናገር የሎራ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ ራዲዮ) ሴንሰር ታስቧል። በየ10 ደቂቃው 20 ባይት። ሻጩ «ርቀት እንዲኖረው ሁሉንም ኤስኤፍ12 አድርጉ» ይላል (ኤስኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ርቀቱ ይጨምራል፣ መላኩ ይዘገያል)። እርስዎ ምን ይላሉ ጋሽ ኸርዝ?

ጋሽ_ኸርዝ · ረቡዕ ከቀኑ 9፡45

ተራ ሎራ ሴንሰር ሳያዳምጥ ይልካል። ኖርማን አብራምሰን ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሠራውና በ1971 ሥራ በጀመረው አሎሃ ኔትወርክ የነበረው ዘዴ ይኸው ነው፦ ሲኖርህ ላክ፣ ከተጋጨ ደግመህ ላክ። የዚህ ዘዴ ጣሪያ 18.4 በመቶ ነው፤ ጊዜው በክፍል በክፍል ቢመደብ 36.8 ይደርሳል።

ያንተን እናስላው። 20 ባይት በ125 ኪሎኸርዝ፣ ኤስኤፍ12 ላይ 1.3 ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፤ ኤስኤፍ7 ላይ 57 ሚሊሰከንድ። 60 ሴንሰር በየ600 ሰከንዱ በኤስኤፍ12 ሲልክ ጭነቱ 0.13 ነው፤ ሳይጋጭ የሚደርሰው 77 በመቶ ያህል። በኤስኤፍ7 99 በመቶ። አንድ ግቢ ውስጥ ላለ ሮቶ ኤስኤፍ7 ወይም 8 ይበቃል፤ ጌትዌዩን ከፍ አድርገህ ስቀለው። ጊዜውን ደግሞ ልክ 10 ደቂቃ አታድርገው፤ ላይና ታች እስከ 60 ሰከንድ በዕጣ ይለዋወጥ። ባትሪ ያለውም ቢሆን አንድ ቀን በአንድ ሰዓት የበራ ሴንሰር ሁሌም አብሮ ነው የሚጋጨው።

አወያይ · ረቡዕ ከቀኑ 10፡00

ማሳሰቢያ፦ ይህ ክር ለግቢ ውስጥ ካሜራና ሴንሰር ነው። በዚሁ መንገድ ኢንተርኔት ለጎረቤት መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። መሣሪያ ስትገዙም በባለሥልጣኑ ዓይነቱ የጸደቀ መሆኑን ጠይቁ።

የጥበቃቤት_ማማ · ዓርብ ከምሽቱ 2፡30

ውጤቱን ልጻፍ። አርቲኤስ ዘጠኙ ብሎክ ላይ ሲበራ የሁለቱ ብሎክ ድምር ከ31 ወደ 58። ኤንቪ2 ሲሆን 66። ፓናሉ ከሮቶው በላይ ሲወጣ −76 የነበረው −59፣ ሬቱ 117። ካሜራዎቹ ኤች.265፣ 2 ሜጋቢት። ዛሬ ማታ አንድም ካሜራ አልወደቀም። ፒንግ ግን ቀን 3 የነበረው አሁን ቀንም ማታም 9 ሚሊሰከንድ ነው። ልጨነቅ? ሌላው፣ ሴክተሩን በሌላ አዲስ ኤኤክስ (802.11ኤኤክስ) ሞዴል ልቀይረው ብል?

ተራ_በተራ · ዓርብ ከምሽቱ 3፡05

9ኙ ተራ መጠበቂያ ነው። ለቀረጻ ምንም አይደለም፤ በእጅ የሚዞር ካሜራ ብታስገባም 50 እስኪደርስ ድረስ እጅህ አይሰማውም። ዋናው ነገር ከፍና ዝቅ አለማለቱ ነው።

ሞዴሉን አትቸኩል። በአዲሱ የዋይፋይ ድራይቨር የሚሠሩት የማይክሮቲክ ራዲዮዎች ኤንቪ2 የላቸውም፤ ሴክተሩን ብቻ ቀይረህ ዘጠኙን ብትተዋቸው ወደ 802.11 ተመልሰህ ከ31 ትጀምራለህ። ኤኤክስ ራሱ ተራ የሚመድብበት መንገድ አለው፤ 20 ሜጋኸርዙን እስከ 9 ቁራጭ ከፍሎ ለዘጠኝ ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ግን የሚሠራው ዘጠኙም ኤኤክስ ሲሆኑና ሴክተሩ ወደ ላይ የሚመጣውን በርግጥ ሲመድብ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ አይበቃም። ገንዘቡን ይልቅ ለሴክተሩና ለሪከርደሩ ዩፒኤስ አውለው። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሴክተሩ ከወደቀ ዘጠኙም እንደገና መመዝገብ አለባቸው፣ ያ ክፍተት ቀረጻው ላይ ይታያል።